ሦስት ጥርስ ተነቅሎም ያልተነቀለው ሕመም

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨጓራ ነው። በዚህ ወር ግን ስለ አንድ የፊት ነርቭ ሕመም ሦስት ደብዳቤ መጣ። የእኔም ሕመም ስለሆነ ገጹን ሁሉ ለእሱ ሰጠሁት። ስለ ጨጓራ የጠየቃችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በሚቀጥለው ወር እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ ደሴ ናት፤ 62 ዓመቷ ነው። ካቻምና ግራ ጉንጬን መብረቅ የመሰለ ነገር መታኝ አለች። መጀመሪያ ምች ነው ተባለና በዳማከሴ ታሸች። ቀጥሎ ጥርስ ነው ተባለ። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት መንጋጋ ጥርሷን አስነቀለች። ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ዘንድሮ አዲስ አበባ ወሰድናትና አንዲት የነርቭ ሐኪም አየቻት። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የሚባል የፊት ነርቭ ሕመም ነው አለች። ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት ጀምራ አሁን እህል ትበላለች፤ ተመስገን።

እዚህ አሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተብለው የተቋቋሙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ። ምርምር ያስጠናሉ፣ ታማሚ ይረዳሉ ይባላል። የምሠራበት መሥሪያ ቤት እኔ የሰጠሁትን ያህል ጨምሮ ይሰጣል። 500 ዶላር ልሰጥ አሰብኩ። ወንድሜ ግን «የፈረንጅ ማኅበር ለፈረንጅ ነው፤ ብሩን ለማዘር ላኪላት» ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ለእናቴ የሚደርስ ነገር አለው? ሌቦች አለመሆናቸውንስ በምን አውቃለሁ?

የደሴዋ ልጅ

መልስ፦ አንቺ ልበልሽ፤ እናትሽ እንኳ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች።

ወንድምሽ ግማሽ ልክ ነው። ልክ ከሆነበት ልጀምር። ከ500ው ዶላር በፊት እናትሽ ቤት ቢያንስ የሦስት ወር መድኃኒት መኖሩን አረጋግጪ። ካርባማዜፒን ከውድ መድኃኒቶች የሚቆጠር አይደለም። ችግሩ ዛሬ ይገኛል፣ ነገ ይጠፋል። ሲጠፋ ሕመሙ ይመለሳል። ለነገሩ ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ራሱ አይመከርም፤ ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው። ይህ ከተሟላ በኋላ ወደ ማኅበሩ እንምጣ። ግን መጀመሪያ የራሴን ላውራሽ፤ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ነርስ ነኝ። 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከኮተቤ ታክሲ ተሳፈርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ነፋሱ ቀኝ ጉንጬን ነካ ሲያደርገው አንድ ሰው ከድዴ እስከ ዓይኔ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ የሰካብኝ መሰለኝ። ጮህኩ። ረዳቱ «ማዘር ምን ሆኑ?» አለኝ። አልመለስኩለትም። አፌን ከከፈትኩ የሚደገም መሰለኝ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ሰው የማያምንሽም ለዚህ ነው። ጮኸሽ ሳታበቂ ደህና ትሆኛለሽ።

እኔም ጥርስ ነው ብዬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ የጥርስ ሐኪሙ «ጥርሱ ጤነኛ ይመስላል» ብሎኝ ነበር። ንቀልልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ነርስ ሆኜ! ማደንዘዣው እየሠራ ሳለ ሕመሙ እልም አለ። ተገላገልኩ ብዬ እየሳቅሁ ወጣሁ። ማታ እራት ላይ ተመለሰ። እንግዲያው ከጎኑ ያለው ነው ብዬ በወሩ ሁለተኛውን አስነቀልኩ። ማደንዘዣ ነርቩን ለጥቂት ሰዓት ስለሚያስተኛ ጥፋተኛው የተነቀለው ጥርስ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። እናትሽም የተታለለችው እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ዓመት ተኩል ሰላምታ ፈራሁ። በእኛ አገር ጉንጭ ለጉንጭ ሳይነካካ የሚያልፍ ሰላምታ የት አለ? ዘመድ ከሩቅ ሳይ መንገድ እሻገር ነበር፤ ኮራች ተባልኩ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን ከቀኝ ጉንጬ አርቄ እይዛለሁ፤ ጥለቱ ከነካኝ ይነዝረኛል። አንድ ቀን ጸበል ፊቴ ላይ ሲረጭ የጮህኩትን ጩኸት የሰሙ ሴትዮ «ለቀቃት! ለቀቃት!» ብለው እልል አሉ። ምንም አልለቀቀኝም። ጾም ሲገባ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን አትበይም የሚለኝ የለማ። 11 ኪሎ ቀነስኩ።

የሕመሜን ስም የነገረኝ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ወጣት የነርቭ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሁለት ዓመት ቀድሜ ብታመም ኖሮ እሱን አላገኘውም ነበር። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «አንዴ ሲያምዎ ምን ያህል ይቆያል? ሲነካ ይቀሰቀሳል? በመሃል ጤነኛ ነዎት?» አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የሁለት ጥርሴ ዋጋ ሦስት ጥያቄ ነበረ።

ስሙን ይዤ አትላንታ ላለው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። እሱ ነው አሜሪካ ካለ አንድ የዚህ ሕመም ማኅበር የወጡ ጽሑፎች አሰባስቦ በሰው የላከልኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ሌሊት አነበብኩት። እንደ እኔ ጤነኛ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ሰዎች ሞልተውበታል። ብቻዬን ሞኝ አለመሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም። (ሳቁ ነዘረኝ።)

ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ጀርሲ ውስጥ የመሠረተችው ክሌር ፓተርሰን የምትባል ሴት ናት። ራሷ ታማሚ ነበረች። ሲጀምር ስሙ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ አሶሲዬሽን ነበር፤ ኋላ ፌሻል ፔይን አሶሲዬሽን ተባለ። ዘመኑን አስቢው። ኢንተርኔት ገና ሰው ቤት አልገባም። ሥራቸው ስልክ ማንሣት፣ ደብዳቤ መመለስ፣ ታማሚን ከታማሚ ማገናኘት ነበር። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም የት ከተማ እንዳለ መጠቆም ነበር። እኔ ከምርምሩም በላይ ይህንን አከብራለሁ። ሐኪሙ የሚያይሽ ሩብ ሰዓት ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «እኔንም ያደርገኛል» የሚልሽ ሌላ ሰው ነው።

ምርምሩን በተመለከተ፣ ፌሻል ፔይን ሪሰርች ፋውንዴሽን የሚባል ለዚሁ ብቻ የተቋቋመ ድርጅትም አለ፤ መነሻው ፍሎሪዳ፣ ጌይንስቪል ነው። ምን እንደሚያስጠኑ እንዲገባሽ ስለ ሕመሙ ትንሽ ልበል። የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል የሚወስደው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው፤ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። እያንዳንዱ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ አንዱ ወደ ጉንጭና ላይኛው መንጋጋ፣ ሌላው ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። ነርቩ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ደም ቅዳ ይደገፍበታል። ልብ በመታ ቁጥር እሱም ነርቩን ይመታዋል። በዓመታት ብዛት የነርቩ ልባስ ይላጣል። ላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይተሽ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ሲነኩት ብቻ ሳይሆን እንዲሁም ብልጭ ይላል።

ታዲያ የደም ሥር ነርቩ ላይ ተደግፎባቸው ዕድሜ ልካቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች አሉ። እኔና እናትሽ ለምን ታመምን? ፋውንዴሽኑ ገንዘብ ካወጣባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዴቮር የሚባሉ የሕመም ተመራማሪ አሉ። የታማሚዎች ዲኤንኤ ተሰብስቦ ለዚህ ሕመም የሚያጋልጥ ዘረ መል እንዲፈለግ የመሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ጥናት መድኃኒት ፋብሪካ በቀላሉ አያስጠናም። በዓመት አዲስ የሚያዘው ሰው ከ100,000 ውስጥ ከ4 እስከ 13 ቢሆን ነው። ገበያው ትንሽ ነው። ያለው መድኃኒት ደግሞ አሮጌና ርካሽ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው እንዳንቺ ያለ ሰው 500 ዶላር ነው።

«ለፈረንጅ ነው» ላለው ወንድምሽ ይህን ንገሪው። ካርባማዜፒንን መጀመሪያ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ጋይጊ ኩባንያ፣ ዋልተር ሺንድለር የሚባሉ ኬሚስት ናቸው። ለፊት ነርቭ ሕመም ሞክሮ ውጤቱን በ1962 ያሳተመው ብሎም የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ነው። እነዚህ ሰዎች ደሴን በካርታም አይተዋት አያውቁ ይሆናል። ማዘር ግን ዛሬ ቁርሷን የበላችው በእነሱ ሥራ ነው።

ወደ ሌብነቱ ልምጣ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ በሕመም የሚነግድ ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥ 501 ሲ 3 (ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት) ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ያስገባል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። በድርጅቱ ስም ፈልገሽ አንብቢው። ስንት ገባ፣ ስንት ለምርምር ወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ስንት ይከፈለዋል የሚለው ሁሉ አለበት። የሐኪሞች አማካሪ ቦርድ ካለው ስማቸውን እይ፤ የነርቭ ሐኪም፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና የጥርስ ሐኪም አብረው ካሉበት ደስ ይለኛል። ከገንዘቡ ጋር «ለምርምር ብቻ ይዋል» ብለሽ መጻፍም ትችያለሽ። መዋጮ እየጠየቀ በጎን ቅባት ወይም ቪታሚን የሚሸጥልሽን ግን ዝጊው። «በ30 ቀን እንነቅለዋለን» የሚልሽንም እንዲሁ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ለማኅበሩ 250 እሰጣለሁ። መሥሪያ ቤትሽ ሲጨምርበት 500 ይሞላል። ቀሪውን 250 ለማዘር። ወንድምሽም ዝም ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ስትሄጂ የጥርስ ክሊኒኮቹን እየዞርሽ አንድ ገጽ ወረቀት ስጪልኝ። «ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ለሰከንዶች እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ሰው ከመጣ ከመንቀል በፊት የነርቭ ሐኪም ይየው» ብለሽ ጻፊበት። ብዙ ብር አይጠይቅም። ከ500ው ዶላር ይልቅ ይህ ቀድሞ የደሴን ሰው ጥርስ ያድናል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ 47 ዓመቴ ነው። ለፊቴ ሕመም የታዘዘልኝን ይዤ ፋርማሲ ስሄድ «ይሄ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» ተባልኩ። አብራኝ የነበረችው ባለቤቴ ሰማች። አሁን ቤተሰቦቿ ይንሾካሾካሉ። እኔ ወድቄ አላውቅም። ልተወው ወይ? ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ኦፕራሲዮን ይሻላል የሚሉኝም አሉ።

ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይተዉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው። ለእርስዎ የታዘዘውም በትክክል ነው። በሚጥል በሽታ ጊዜ አንጎል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ያለ ልክ ይተኩሳሉ። በእርስዎ ላይ ደግሞ የሚተኩሰው የፊትዎ ነርቭ ነው። መድኃኒቱ ሶዲየም ወደ ነርቩ የሚገባባቸውን በሮች ገርበብ አድርጎ ነርቩን ያረጋጋል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ የፈቀደው ለዚህ ለፊት ሕመም ነበር። ለሚጥል በሽታ የተፈቀደው ኋላ ነው። እንዲያውም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች የእኛን መድኃኒት ይጋሩናል ማለት እንችላለን! ይህን ለባለቤትዎ ቤተሰቦች ይንገሩልኝ። ደግሞስ የሚጥል በሽታ ቢሆንስ? ነውር የለበትም። ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ስንት ዘመን ይህን ሲያስተምር ኖሯል። ለማንኛውም ባለቤትዎን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋት ይግቡ። ከሐኪሙ አፍ ትስማው።

እንቅልፉ ግን ያሳስበኛል፤ እርስዎ ሰው ጭነው ነው የሚሄዱት። ሲጀመርና መጠኑ ሲጨምር ድብታ፣ ማዞር፣ እግር መወላከፍ አለ። ብዙ ጊዜ ሰውነት ሲለምደው ይቀንሳል። እስኪለቅዎ ባጃጁን ለሌላ ሰው ያከራዩት። የቀን ገቢ መቅረቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሐኪምዎ በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያለ ሊጨምርልዎ ይችላል፤ ይጠይቁት። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ጨው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ቤቱን ሳምስ ውዬ ነበር።

ሽፍታ ከወጣብዎ፣ ከትኩሳት ጋር አፍዎ ከቆሰለ፣ ወይም ቆዳዎ መላላጥ ከጀመረ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደም ምርመራም አልፎ አልፎ ያስፈልጋል። ነጭ የደም ሕዋስና ሶዲየም ሊቀንስ ይችላል። በተለይ በዕድሜ የገፉና ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግራ መጋባት ከጀመራቸው እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍ። (የደሴዋ ልጅ፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል።) ሴት አንባቢዎቼ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ያዳክማል።

ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ለዚህ ሕመም እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም። ጨጓራዎን አይፍጁ።

ኦፕራሲዮን አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ዋልተር ዳንዲ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በነዚህ ታማሚዎች ነርቭ ላይ የደም ሥር ተደግፎ እንዳየ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው አልሰማውም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፒተር ጃኔታ በማይክሮስኮፕ እያየ የደም ሥሩን ከነርቩ አላቅቆ በመሃል መለያ የሚሆን ትንሽ ነገር መወተፍ ጀመረ፤ ኋላ ላይ ለዚህ የተለመደው ቴፍሎን ነው። አዎ፣ መጥበሻ ላይ የሚቀባው ቴፍሎን። ከጆሮ ጀርባ ነው የሚገባው። በ1996 በወጣ ጥናት 1,185 ታማሚዎች ተከታትለው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከ10ሩ 7ቱ ያህል ያለ መድኃኒት ደህና ሆነው ተገኝተዋል። ቀላል አይደለም ግን፤ የራስ ቅል የሚከፈትበት ሥራ ነው። መስማትን ሊጎዳ ይችላል፣ ከዚያ የባሰም ሊያጋጥም ይችላል። የሚታሰበው መድኃኒት ሲያቅተው ወይም ሰውነት አልስማማ ሲል ነው። እርስዎ ገና መጠኑንም አላስተካከሉም። ኤምአርአይ ተነሥተው ካልሆነ ግን ይጠይቁ። በተለይ ወጣት ለሆነ ሰው፣ ወይም በሁለቱም ጉንጭ ለሚመጣበት፣ ወይም ፊቱ ለደነዘዘ ሰው መነሣቱ ግድ ነው። ከጀርባው ዕጢ ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭን ልባስ የሚያጠቃ በሽታ) ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በዚህ ሕመም የተያዝን አራት ሰዎች ተዋውቀናል። አንዷ መምህርት፣ አንዱ ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለታችን ነጋዴዎች ነን። ማኅበር ማቋቋም እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር? ከውጭ እርዳታ ማግኘት ይቻላል?

አራቱ ከሐዋሳ

መልስ፦ አራት መሆናችሁን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እኔ በ18 ዓመት ውስጥ በአካል የተገናኘሁት ስድስት ሰው ነው።

ሕጉ አያስፈራችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ከበፊቱ ብዙ ቀሏል። ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው ይበቃል። ከውጭ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል፤ ጥሩ ሕግ ነው። በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ ከክልሉ ነው። ከአንድ ክልል በላይ ከሆነ ወይም አዲስ አበባን ከጨመረ ወደ ፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ትመጣላችሁ።

ግን ማኅተም ከማስቀረጻችሁ በፊት አንድ ዓመት ያለ ማኅተም ሥሩ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ሊኖር ይችላል። ስብሰባና ሊቀመንበር የበላቸው ስንት ማኅበራት አይቻለሁ። ማኅተሙ ሲመጣ ወንበር ይመጣል፣ ወንበር ሲመጣ ጠብ ይመጣል። እድር አስቡ። እድር የሚታወቀው ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ በመድረሱ ነው። እናንተም መጀመሪያ ድረሱ። በመቶ ብር መዋጮ አንድ ስልክ ቁጥር አውጡ። በሐዋሳ የትኛው ፋርማሲ ዛሬ ካርባማዜፒን እንዳለው በየሳምንቱ እየዞራችሁ መዝግቡ። የጠፋበት ሰው ሲደውል «እዚያ አለ» በሉት። ለደሴዋ ልጅ የነገርኳትን ወረቀት በአማርኛና በሲዳምኛ አዘጋጅታችሁ ለጥርስ ክሊኒኮች አድሉ። መምህርቷ ትጻፈው፤ የነርቭ ሐኪም ደግሞ ይየው።

የባንክ ሠራተኛው ሂሳቡን ይያዝ። ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ደረሰኝ ይኑር። ከውጭ የሚረዳ ሰው ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። የአሜሪካዎቹም ይሁኑ ሌላ፣ መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቋቸው። ጽሑፋቸውን ለመተርጎም ፈቃድ ጠይቁ። እምቢ ለማለት የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ መተዋወቂያም ይሆናል።

በአገራችን ከቤተሰብ ሐዘን ተነሥቶ የቆመ ድርጅት ለማየት ከፈለጋችሁ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን ተመልከቱ። ወላጆች ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ነው። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ መስጠታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ታማሚው መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን አልጋም እንደሚቸግረው ያወቀ ሰው ያሰበው ነገር ነው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የእናንተ ታማሚ ምን እንደሚቸግረው ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምሳሌ እኔ ስታመም የቸገረኝ ስልክ ነበር፤ መናገር ያመኛል። ስለዚህ በጽሑፍ መልእክትም ተቀበሉ።

አዋጁ አምስት ሰው ይላል፤ እናንተ አራት ናችሁ። አምስተኛዋ እኔ ልሁን? አዲስ አበባ ነኝና ነገሩን ወደ ፌዴራል እጎትትባችሁ ይሆናል። ካላስቸገርኳችሁ ስልኬን ከመጽሔቱ ቢሮ ውሰዱ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ደውሉ፣ መድኃኒቴን ወስጄ ደህና የምሆንበት ሰዓት ነው። አንሥቼ ድምፄ ካልወጣ ስልኩን አትዝጉት። እየነዘረኝ ይሆናልና ትንሽ ጠብቁኝ።